ምን ያስኬደዋል? ወይስ ምን ያቆመዋል? የእንቅስቃሴ ሐሳብ ከአርስቶትል እስከ ኒውተን

መምህር ዘቱሉ ዲምቱ

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ። ዓመቶቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጠቅሰው።

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የኒውተንን የመጀመሪያ ሕግ በቃላቸው ይወጡታል። የቆመ እንደቆመ ይቀራል፤ የሚሄድም የውጭ ኃይል ካላገኘው በቀጥታ መስመር፣ በአንድ ፍጥነት መሄዱን ይቀጥላል። ከዚያ በግቢው አቧራ ላይ ኳስ አንከባልዬ «ለምን ቆመች?» እላቸዋለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጉልበቷ አለቀ።»

ይህን መልስ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ልጆቹ የሚሉትን ነገር በዓለም ላይ የነበሩ ትልልቅ አእምሮዎች ከሺህ ዓመት በላይ እንዳመኑበት ሳነብ አስተማሪነቴን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ሕጉን እንደ ትእዛዝ ከሰሌዳ ላይ እናስገለብጣለን። ሰው ምን ያህል ተከራክሮ እዚያ እንደደረሰ ግን አንነግራቸውም።

ከአርስቶትል እንነሳ (384–322 ከክርስቶስ ልደት በፊት)። ለእሱ ሁለት ዓይነት እንቅስቃሴ አለ። አንዱ ተፈጥሯዊ ነው። ድንጋይ ወደ ታች፣ እሳት ወደ ላይ፣ ሁሉም ወደየቦታው ይሄዳል። ሌላው የግድ ነው፤ የሚገፋው አካል እስከነካው ድረስ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እጅ ሲነሳ ጋሪው ይቆማል። ይሄ ደግሞ በየቀኑ የምናየው ነገር ነው።

የሚገርመው ይህ ነው። አርስቶትል ስለ ባዶ ቦታ ሲከራከር «ባዶ ቦታ ቢኖር ኖሮ፣ አንድ ጊዜ የተንቀሳቀሰ ነገር ለምን እዚህ ወይም እዚያ እንደሚቆም ማንም ምክንያት ሊሰጥ አይችልም ነበር» የሚል ሐሳብ አንስቷል። የመጀመሪያው ሕግ ደጃፍ ላይ ደርሷል ማለት ነው! ግን ይሄ የማይሆን ነገር ነው፣ ስለዚህ ባዶ ቦታ የለም ብሎ ተመለሰ።

ጥያቄዬ ይኸው፦ ከዚያ ደጃፍ እስከ ውስጥ ለመግባት 2 ሺህ ዓመት ገደማ ለምን ፈጀ? የምታውቁትን አካፍሉ። ለክፍል ልጠቀምበት ነው።

የቃሊቲ ሾፌር

ቲቸር፣ እኔ ከአርስቶትል ጋር ነኝ። ከዱከም ቃሊቲ ከባድ መኪና እነዳለሁ። እግሬን ከነዳጅ ላይ ካነሳሁ መኪናው ይቆማል፤ በቃ። ኒውተን መኪና ነድቶ አያውቅም።

ግን አንድ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል። ሜዳ ላይ በእኩል ፍጥነት እየሄድኩ ማርሽ አውጥቼ ብለቀው፣ ሙሉ ጭነት የያዘው መኪና ከባዶው ርቆ ነው የሚሄደው። ነገሩ ጉልበት ማለቅ ከሆነ ከባዱ ቀድሞ መድከም አልነበረበትም? የምታውቁ አስረዱኝ።

ዘእስክንድርያ

ወንድሜ ሾፌር፣ ጥያቄህ የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ጥያቄ ነው። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን በግብፅ እንለፍ፤ ይሄን ክፍል የትምህርት ቤት መጽሐፍ ዘሎት ነው የሚሄደው።

በ6ኛው መቶ ዓመት እስክንድርያ ውስጥ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ የሚባል ክርስቲያን ሊቅ ነበር። በሃይማኖቱ የኬልቄዶንን ጉባኤ ከማይቀበሉት ወገን ነው፤ ስለዚህ ለእኛ አገር አንባቢ ሩቅ ሰው አይደለም። (በኋላ ስለ ሥላሴ በጻፈው ነገር ራሳቸው ወገኖቹም ጭምር አውግዘውታል። ያ ሌላ ታሪክ ነው።) ይህ ሰው የአርስቶትልን ፊዚክስ እያብራራ ተቃወመው።

አርስቶትል የተወረወረን ነገር አየር ከኋላ እየገፋ ያስኬደዋል ይላል። ፊሎፖኖስ እንዲህ ብሎ ሞገተ፦ አየር የሚገፋ ከሆነ፣ ድንጋዩን መንካት ለምን ያስፈልጋል? ከኋላው ያለውን አየር በብዙ ወናፍ ብንነፋ ድንጋዩ መወርወር ነበረበት። አይወረወርም። ስለዚህ ወርዋሪው ለድንጋዩ አንድ ኃይል ይሰጠዋል፤ ያ ኃይል ከድንጋዩ ጋር ይሄዳል፣ እያደር ያልቃል። ምጣድ ከእሳት ከወረደ በኋላ ሙቀቱን ለጥቂት ጊዜ ይዞ እንደሚቆየው ማለት ነው።

ቲቸር፣ የልጆችህ «ጉልበቷ አለቀ» ይኸው ነው። እስክንድርያ፣ 6ኛው መቶ ዓመት።

ሌላም አለ። በክብደት በጣም የሚለያዩ ሁለት ነገሮችን ከአንድ ከፍታ ብትለቅ፣ የሚወድቁበት ጊዜ ልዩነት በጣም ትንሽ ነው ብሎ ጽፏል። ከጋሊሊዮ ከ1 ሺህ ዓመት በፊት። ጋሊሊዮም ስሙን ያውቀዋል፤ በጽሑፉ ጠቅሶታል።

ቀጥሎ ፋርሳዊው ፈላስፋና ሐኪም ኢብን ሲና (980–1037) መጣ። እሱ ደግሞ የተሰጠው ኃይል በራሱ አያልቅም፣ የሚያጠፋው ከውጭ የሚገጥመው ተቃውሞ ነው አለ። በባዶ ቦታ ውስጥ ቢሆን አይቆምም። ይሄ ትልቅ እርምጃ ነው። «ያልቃል» የሚለው ሐሳብ «ያጠፉታል» በሚል ተተካ።

አሁን የሾፌሩ መልስ። በ14ኛው መቶ ዓመት ፓሪስ ውስጥ ዣን ቡሪዳን የሚባል መምህር ነበር። ይህን የተሰጠ ኃይል «ኢምፔተስ» ብሎ ጠራው፤ መጠኑ እንደ ቁሱ ብዛትና እንደ ፍጥነቱ ነው አለ። በእኩል ፍጥነት የሚሄዱ ባዶና የተጫነ መኪና ካሉ የተጫነው ብዙ ኢምፔተስ ይዟል። አየሩ ደግሞ ሁለቱንም በእኩል ነው የሚከለክላቸው። ስለዚህ የተጫነው ይርቃል። ቡሪዳን ራሱ ብረት ከላባ ርቆ የሚወረወርበትን ምክንያት ያስረዳው በዚሁ ነው።

አየር ይገፋል ለሚሉትም ጥሩ መልስ ነበረው። ክብ የቢላ መሳያ ድንጋይ እጅህን ካነሳህ በኋላም ባለበት ይሽከረከራል። አየር በየት በኩል ገብቶ ነው የሚገፋው?

ጡረተኛው ኢንጂነር

ጥሩ ጀምራችኋል ልጆቼ። አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ዘመን ኦክስፎርድ ሜርተን ኮሌጅ ውስጥ የነበሩ ሊቃውንት ፍጥነቱ በእኩል መጠን እየጨመረ የሚሄድ ነገር ስንት ርቀት እንደሚሸፍን አስልተዋል። በመካከለኛው ፍጥነት ሳይቀያየር ቢሄድ ከሚሸፍነው ጋር እኩል ነው። ፓሪስ የነበረው ኒኮል ኦሬም ደግሞ ይህንኑ በሥዕል፣ በሦስት ማዕዘን ስፋት አሳየ። ዛሬ ክፍል ውስጥ የምንስለው የፍጥነትና የጊዜ ግራፍ ያ ነው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን አንዳቸውም የሚወድቅ ድንጋይ በዚህ ስሌት እንደሚሄድ በመለካት አላሳዩም። ሒሳቡ ወረቀት ላይ ቀረ፤ ድንጋዩም ሜዳ ላይ። የቲቸር ጥያቄ «ለምን 2 ሺህ ዓመት ፈጀ?» ነው። የእኔ መልስ ግማሹ እዚህ ነው፦ የሚያሰላው ሰውና የሚለካው ሰው ለረጅም ጊዜ አልተገናኙም።

12ኛ ክፍል ነኝ

ጋሽ ኢንጂነር፣ ጋሊሊዮ ከፒዛ ግንብ ላይ ሁለት ኳስ ጥሎ አይደል እንዴ አርስቶትልን ያሸነፈው? እኛ የተማርነው እንደዚያ ነው።

ጡረተኛው ኢንጂነር

ልጄ፣ የግንቡን ወሬ የጻፈው ደቀ መዝሙሩ ቪቪያኒ ነው፤ እሱም ከብዙ ዓመት በኋላ። ጋሊሊዮ ራሱ በጽሑፎቹ ከፒዛ ግንብ ላይ ጣልኩ አላለም። በእርግጥ የተደረገ ሙከራ ከፈለግህ፣ በ1586 የታተመ የሲሞን ስቴቪን ሥራ አለ። ሆላንድ ውስጥ ከጓደኛው ጋር ሁለት የእርሳስ ኳሶችን፣ አንዷ የሌላዋን 10 እጥፍ የምትመዝን፣ ከ30 ጫማ ከፍታ ጣሉ። ሁለቱም ሳንቃው ላይ ሲያርፉ የተሰማው ድምፅ አንድ ነበር።

የጋሊሊዮ ትልቁ ድል ሌላ ነው። መጀመሪያ በሐሳብ ብቻ የተሠራውን ላስቀምጥልህ። ከባድ ድንጋይ ፈጥኖ፣ ቀላል ድንጋይ ዘግይቶ ይወድቃል እንበል። ሁለቱን በገመድ እሰራቸው። ቀላሉ ከባዱን ወደ ኋላ ሊጎትተው ይገባል፤ ስለዚህ ጥንዱ ከከባዱ ብቻ ይዘገያል። ግን ጥንዱ ከከባዱ የበለጠ ይመዝናል፤ ስለዚህ ሊፈጥን ይገባል። ሁለቱም ሊሆን አይችልም። የአርስቶትል ሐሳብ በራሱ ገመድ ታነቀ። አንድ ብር ሳታወጣ፣ ወንበርህ ላይ ተቀምጠህ ልትደርስበት ትችላለህ።

ቀጥሎ መለካት መጣ። በነጻ የሚወድቅ ነገር በዚያ ዘመን ለመለካት በጣም ፈጣን ነበር። ሴኮንድ የሚቆጥር ሰዓት የለም። ስለዚህ አዘገየው። 12 ክንድ ገደማ የሚረዝም እንጨት ወሰደ፣ ከጣት ትንሽ የሚሰፋ ቦይ ቀረጸበት፣ ውስጡን በለሰለሰ ብራና ሸፈነው። እንጨቱን አጋደለና ክብ የነሐስ ኳስ ለቀቀበት። ጊዜውን በውሃ ለካ። ከትልቅ ዕቃ በቀጭን ቱቦ የሚወርድ ውሃ በብርጭቆ ያጠራቅማል፤ ኳሱ ሲደርስ ውሃውን ይመዝነዋል። በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ መቶ ጊዜ ያህል እንደደጋገመው ይናገራል።

ውጤቱ፦ ርቀቱ እንደ ጊዜው ስኩዌር (በራሱ እንደተባዛው) ነው። በመጀመሪያው ምት 1 ከሄደ፣ በሁለተኛው 3፣ ቀጥሎ 5፣ ከዚያ 7፤ ሲደማመሩ 1፣ 4፣ 9፣ 16። ኦሬም በሦስት ማዕዘን የሣለው ነገር እንጨት ላይ ተገኘ።

የጀሞዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ይሄን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ልጆቼን ይዤ ሞክረነዋል። ለሚፈልግ ልንገር።

ከአሉሚኒየም መስኮትና በር የሚሠሩ ልጆች ጋ ሄዳችሁ የተረፈ ቦይ ያለው ቁራጭ ጠይቁ፤ ወደ 2 ሜትር ይሁን። ብይ አዘጋጁ። ቁራጩን በአንድ ጫፍ በመጽሐፍ ከፍ አድርጉት። ከላይ ጀምራችሁ በ10፣ በ40፣ በ90 እና በ160 ሳንቲ ሜትር ላይ ቀጭን ክር በፕላስተር አያይዙ፤ ብይዋ ስታልፍ ትንሽ «ጢክ» እንድትል፣ እንዳትቆም ግን። በስልክ ሜትሮኖም (እኩል ምት የሚመታ መተግበሪያ) ከፍታችሁ በምቱ ልክ ብይዋን ልቀቁ። ከፍታውን እያስተካከላችሁ ስትሄዱ በሆነ ቦታ ላይ ጢክ፣ ጢክ፣ ጢክ፣ ጢክ ከምቱ ጋር ይገጥማል። ክሮቹ እየተራራቁ፣ ድምፁ ግን እኩል! ልጆቼ ማመን አቅቷቸው ደጋግመው ለቀቁት።

ስቲልማን ድሬክ የሚባል የሳይንስ ታሪክ ተመራማሪ ጋሊሊዮም መጀመሪያ ላይ በዚህ መንገድ ሳይሠራ አልቀረም ብሎ ነበር፤ ዜማ እያንጎራጎረ፣ የጅማት ክር አስሮ። አባቱ ሙዚቀኛ ነበር። ምቱን በጭብጨባ መጠበቅ ደግሞ ለእኛ ልጆች ከሜትሮኖም ይቀላቸዋል፤ ሰንበት ትምህርት ቤት የለመዱት ነው።

መምህር ዘቱሉ ዲምቱ

የጀሞዋ፣ ተባረኪ እህቴ! ይሄን ነው የምፈልገው።

ግን ከ1፣ 3፣ 5፣ 7 ይልቅ የእኔን ጥያቄ የሚመልሰው ሌላኛው የጋሊሊዮ ሐሳብ ነው። ሁለት ዘቅዛቆችን ፊት ለፊት አስቀምጥ። ከአንዱ የለቀቅከው ኳስ በሌላው ላይ ወደ ተለቀቀበት ከፍታ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። ሁለተኛውን ዘቅዛቃ ዝቅ አድርገው። ያው ከፍታ ላይ ለመድረስ ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል። አሁንም ዝቅ አድርገው። አሁንም ይረዝማል። ፈጽሞ ሜዳ ብታደርገውስ? ያንን ከፍታ መቼም አያገኘውም። ስለዚህ የሚያቆመው ነገር የለም።

ጥያቄው የተገለበጠው እዚህ ጋ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው «ምን ያስኬደዋል?» ብሎ ነበር የሚጠይቀው። ጋሊሊዮ «ምን ያቆመዋል?» አለ። 2 ሺህ ዓመት የፈጀው ይህን ጥያቄ መቀየር ነው። ሰበቃ (መተሻሸት) የሌለበት ቦታ መሬት ላይ ማንም አላየም። ያላየኸውን ነገር እውነተኛው ይሄ ነው፣ የማየው የተበላሸው ነው ለማለት ድፍረት ይጠይቃል።

ሱሉልታ ሜዳ

ቲቸር፣ ጋሊሊዮ ሙሉ በሙሉ አልደረሰበትም። ለእሱ ሳያቆም የሚሄደው ኳስ የመሬትን ክብነት ተከትሎ፣ ከመሃሏ እኩል ርቆ የሚዞረው ነው። «በቀጥታ መስመር» የሚለውን በግልጽ ያስቀመጠው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት ነው፣ በ1644። ምሳሌውም ወንጭፍ ነው።

እኔ ያደግኩት ሱሉልታ ነው፤ ገብስ ጠብቄአለሁ። ወንጭፍ የወነጨፈ ሰው ዴካርትን ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። ድንጋዩ እየዞረ እጅህን ወደ ውጭ የሚጎትት ይመስልሃል። አንዱን የገመድ ጫፍ ስትለቅ ግን ድንጋዩ ከእጅህ በቀጥታ ወደ ውጭ አይሄድም። በዚያች ቅጽበት ፊቱን ባዞረበት አቅጣጫ፣ ክቡን ታክኮ ይሄዳል። ለዚህ ነው ጀማሪ ልጅ የሚዞረው ድንጋይ በወፏ ትይዩ ሲደርስ የሚለቀውና ድንጋዩ ጎን ላይ የሚያርፈው። ሩብ ዙር ቀድሞ መልቀቅ አለበት።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ትልቅ ነው። መዞር ተፈጥሯዊ አይደለም። የሚዞር ነገር ሁሉ ወደ መሃል የሚስበው አለ። ገመዱ ለድንጋዩ ነው። ለጨረቃስ?

ዴካርት ግን ስለ ግጭት የጻፋቸው ሕጎች አብዛኞቹ ስህተት ናቸው። አቅጣጫን ትቶ ፍጥነትን ብቻ ነው የቆጠረው። ያስተካከለው ሆላንዳዊው ሁይገንስ ነው። የመጀመሪያውን የፔንዱለም (ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ክብደት) ሰዓት በ1656 የሠራውም እሱ ነው።

ጡረተኛው ኢንጂነር

«ለጨረቃስ?» ያልከው ልቤን ነካው። ኒውተን እዚህ ይግባ።

በነሐሴ 1684 የሥነ ፈለክ ሊቁ ኤድመንድ ሃሌይ ካምብሪጅ ሄዶ ኒውተንን ጠየቀው። ፀሐይ ፕላኔትን የምትስብበት ኃይል እንደ ርቀቱ ስኩዌር እየቀነሰ ቢሄድ፣ መንገዱ ምን ቅርጽ ይኖረዋል? ኒውተን ወዲያው ኤሊፕስ (ሞላላ ክብ) ነው አለ፤ አስልቼዋለሁ አለ። ወረቀቱን ፈለገ፣ አጣው። እልካለሁ ብሎ ቃል ገባ። በኅዳር ትንሽ ጽሑፍ ላከ። ያቺ ጽሑፍ አድጋ በ1687 ፕሪንሲፒያ የተባለው ትልቁ መጽሐፉ ሆነች። የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ንጉሣዊ ማኅበር ገንዘቡን ስለ ዓሦች ታሪክ በታተመ ትልቅ መጽሐፍ ጨርሶ ስለነበር ማሳተሚያውን ከኪሱ የከፈለው ሃሌይ ነው። ሃሌይ ባይኖር ኖሮ ምን እንደሚሆን ሳስብ ያስፈራኛል።

ስሌቱን ላሳያችሁ፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ጨረቃ ከመሬት መሃል ያላት ርቀት የመሬት ሬዲየስ (ከመሃሏ እስከ ገጿ ያለው ርቀት) 60 እጥፍ ነው። ስበት እንደ ርቀቱ ስኩዌር የሚቀንስ ከሆነ፣ እዚያ 60 ጊዜ 60፣ ማለትም 3600 ጊዜ ይደክማል። እዚህ የሚወድቅ ድንጋይ በመጀመሪያው ሴኮንድ 4.9 ሜትር ይወርዳል። በ3600 አካፍሉት፤ 1.36 ሚሊ ሜትር። ጨረቃ በቀጥታ መሄድ ሲገባት በየሴኮንዱ ወደ መሬት ስንት ትታጠፋለች ብለን ከምህዋሯ (ከምትዞርበት መንገድ) ብናሰላ ያው 1.36 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ጨረቃን የያዛት ድንጋዩን የሚጥለው ነገር ነው። አርስቶትል ሰማይና ምድርን በተለያየ ሕግ ነበር ያኖራቸው። ይህቺ አንዲት ማካፈል ግድግዳውን አፈረሰችው።

ለእንግሊዛዊው ሳይንቲስት ለሮበርት ሁክ ደግሞ ፍትሕ ይገባዋል። በ1679 ለኒውተን በጻፈው ደብዳቤ የፕላኔት እንቅስቃሴ ከሁለት ነገር የተሠራ ነው አለው፦ በቀጥታ ከመሄድና ወደ መሃል ከመሳብ። ያ አመለካከት ለኒውተን ወሳኝ ነበር። ሒሳቡን የሠራው ኒውተን ነው፤ ይሄ አያከራክርም። ግን ሁክ የሚገባውን ምስጋና አላገኘም። የጋሊሊዮን፣ የዴካርትን፣ የሁይገንስንና ፕላኔቶች በኤሊፕስ እንደሚዞሩ ያገኘውን የኬፕለርን ሥራ ብታወጡት፣ ኒውተን የሚቆምበት መሬት አይኖረውም።

የቃሊቲ ሾፌር

ጋሼ፣ ስለ ጨረቃ ያሉትን ሁለቴ አነበብኩት። ጥሩ ነው። አንድ የእኔን ሥራ የሚመለከት ልጠይቅ። ቡሪዳን እንደ ፍጥነቱ ነው ካለ፣ ከ40 ወደ 80 ስጨምር መኪናውን ለማቆም እጥፍ ርቀት መብቃት አለበት። አይበቃም። ከዚያ በጣም ይበልጣል። ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል።

የጀሞዋ

ወንድሜ፣ በዚህ ጉዳይ አውሮፓ ለአሥርት ዓመታት ተጣልታለች። የዴካርት ወገኖች የእንቅስቃሴ መለኪያው ቁስ በፍጥነት ነው አሉ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትስ በ1686 ተነስቶ የለም፣ ቁስ በፍጥነት ስኩዌር ነው አለ። ማን ልክ ነው?

ሆላንዳዊው ስኸራቨሳንደ የነሐስ ኳሶችን ከተለያየ ከፍታ ለስላሳ ጭቃ ላይ ጣለ። ፍጥነቷ እጥፍ የሆነች ኳስ የምትቆፍረው ጉድጓድ እጥፍ አልሆነም፤ አራት እጥፍ ሆነ። ይህን ሙከራ ይዛ የላይብኒትስን ሐሳብ ለፈረንሳይ አንባቢ ያስረዳችው ኤሚሊ ዱ ሻትሌ ናት፣ በ1740። ፕሪንሲፒያን ወደ ፈረንሳይኛ የተረጎመችውም እሷ ናት። ነፍሰ ጡር ሆና ሌሊት ሌሊት እየሠራች ጨረሰችው። በ1749 ልጇን በተገላገለች በቀናት ውስጥ ሞተች፤ 42 ዓመቷ ነበር። ሙሉው ትርጉም የታተመው በ1759 ነው። ሴት ልጅ ያላችሁ ይህን ስም ንገሯት።

ያንተ መልስ፦ ሁለቱም መለኪያዎች ትክክል ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። በአንድ ዓይነት ፍሬን ለመቆም የሚፈጀው ጊዜ እንደ ፍጥነቱ ነው። ርቀቱ ግን እንደ ፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ስለዚህ በ80 ስትሄድ ከ40ው አራት እጥፍ ርቀት ያስፈልግሃል። አስፋልቱ ሲረጥብ ደግሞ ከዚያም በላይ።

የቃሊቲ ሾፌር

አራት እጥፍ። ይሄን ለረዳቶቼ ነው የምነግራቸው። አመሰግናለሁ እህቴ።

12ኛ ክፍል ነኝ

በጣም ደስ ይላል፣ ግን እውነቱን ልናገር ቲቸር። የመልቀቂያ ፈተና ይህን ሁሉ ታሪክ አይጠይቅም። ለእኛ ጊዜ የለንም። ደግሞ አንስታይን ኒውተንን ሽሮታል ይባላል። ነገ የሚሻር ከሆነ ኒውተንም እንደ አርስቶትል ነው ማለት አይደለም?

መምህር ዘቱሉ ዲምቱ

ሁለት ጥያቄ ነው፤ አንድ በአንድ።

ስለ ፈተናው። «ወደ ላይ የተወረወረች ኳስ ጫፍ ላይ ስትደርስ አክስለሬሽኗ (ፍጥነቷ በየሴኮንዱ የሚለወጥበት መጠን) ስንት ነው?» ይህ ጥያቄ በየፈተናው በአንድ ወይም በሌላ መልክ ይመጣል። ጎበዝ የሚባሉ ልጆች ዜሮ ይላሉ። ለምን? ወደ ላይ የሚያስኬዳት ጉልበት ጫፍ ላይ አልቋል፣ ከስበት ጋር ተጣፍቷል ብለው ስለሚያስቡ። ፊሎፖኖስ በጭንቅላታቸው ውስጥ ቁጭ ብሏል። ትክክለኛው መልስ፣ ከእጅ ከወጣች ጀምሮ እስክትወድቅ ድረስ ወደ ታች 9.8 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ነው፤ ጫፍ ላይም ጭምር። የአየሩን ተቃውሞ ከተውን ወደ ላይ የሚገፋት ምንም ኃይል የለም። ይህን የሳተ ልጅ ቀመር ስለጎደለው አይደለም። ታሪኩን አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ብሰጠው ብዙ ነጥብ ያተርፍበታል።

ስለ አንስታይን። በ1846 ለቨሪዬ የሚባል ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ የዩራነስን መንገድ በኒውተን ሕግ አስልቶ ያልታየ ፕላኔት የት መሆን እንዳለበት ተናገረ። በርሊን ውስጥ ጋለ የሚባል የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ቴሌስኮፑን ባዞረበት በዚያው ሌሊት ከተባለው ቦታ ከ1 ዲግሪ ባነሰ ልዩነት ኔፕቱንን አገኘ። ያው ለቨሪዬ በ1859 የሜርኩሪ ምህዋር ከስሌቱ ትንሽ እንደሚያፈነግጥ አሳየ። በዛሬ ልኬት በመቶ ዓመት 43 አርክ ሴኮንድ ነው። አንድ አርክ ሴኮንድ የዲግሪ 3600ኛ ነው። ይህንን በኒውተን ማስረዳት አልተቻለም። አንስታይን በ1915 በአዲስ ንድፈ ሐሳብ አስረዳው።

ግን ለሾፌራችን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ የአንስታይን እርማት ከአንድ ትሪሊዮንኛ በጣም ያንሳል። የኒውተን ሕግ በእኛ ፍጥነት፣ በእኛ መጠን ትክክል ነው፤ ድልድይም ሳተላይትም የሚሠራበት ነው። አርስቶትል ግን በእኛም መጠን ቁጥር አውጥተህ ብትፈትነው ይወድቃል። ልዩነታቸው ይሄ ነው።

ዘእስክንድርያ

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። F=ma (ኃይል የቁስና የአክስለሬሽን ብዜት ነው) የሚለውን ቀመር ፕሪንሲፒያ ውስጥ እንደዚህ ተጽፎ አታገኙትም። ኒውተን የእንቅስቃሴ ለውጥ ከተሰጠው ኃይል ጋር ይመጣጠናል ነው ያለው፤ ማስረጃውም በጂኦሜትሪ ሥዕል የተሞላ ነው። ዛሬ የምንጠቀምበትን የአልጀብራና የካልኩለስ መልክ በአብዛኛው የሰጠው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፣ በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ላግራንዥ በ1788 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ አንድም ሥዕል እንደማይገኝበት በመግቢያው ላይ በኩራት ተናገረ። መካኒክስ ከመቶ ዓመት በኋላ ፊቱን ጨርሶ ቀይሯል።

ሰርቬየር ከእንጦጦ ሥር

ዘግይቼ ነው የመጣሁት፤ ስለ ፔንዱለም ያልተነሳ አለ። እኛን አዲስ አበቤዎችን በቀጥታ ይነካል።

በ1672 ዣን ሪሼ የሚባል የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ከፓሪስ ተነስቶ ደቡብ አሜሪካ ካየን ሄደ፣ ከምድር ወገብ አጠገብ። ፓሪስ ላይ ትክክል የነበረው የፔንዱለም ሰዓቱ እዚያ በቀን 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ቀረ። ፔንዱለሙን ማሳጠር ነበረበት። ኒውተን ይህን ወስዶ መሬት ስለምትዞር ወገቧ ላይ ሰፋ፣ ዋልታዋ ላይ ጠፍጠፍ ያለች ናት፣ ወገቡ ላይ ስበት ይቀንሳል አለ። በኋላ በልኬት ተረጋገጠ።

እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ 9 ዲግሪ ላይ። በዚያ ላይ ከፍታችን ከ2300 ሜትር በላይ ነው። ሁለቱም ስበትን ይቀንሳሉ። መጽሐፍ ላይ 9.81 የተባለው እዚህ 9.77 ገደማ ነው። ፓሪስ ላይ የተስተካከለ የግድግዳ ፔንዱለም ሰዓት ሳትነኩት አዲስ አበባ ብትሰቅሉት በቀን 2 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይዘገያል። አቃቂ ያለውን ሰዓት እንጦጦ ጫፍ ብታወጡት ደግሞ በቀን ጥቂት ሴኮንዶች ተጨማሪ ይዘገያል።

12ኛ ክፍል ነኝ

ይሄንን እኔ ቤት መለካት እችላለሁ? ፔንዱለም ሰዓት የለንም።

ሰርቬየር ከእንጦጦ ሥር

ትችላለህ፤ ክርና ድንጋይ ይበቃሃል። በአንድ ሴኮንድ ሄዶ በአንድ ሴኮንድ የሚመለስ ፔንዱለም ፓሪስ ላይ 99.4 ሳንቲ ሜትር ነው። እዚህ 99.0 ይሆናል። የማይለጠጥ ክር ያዝ፤ ሲባጎ ይለጠጣል፣ የዓሣ ማጥመጃ ክር ይሻላል። ድንጋዩ ትንሽና ከባድ ይሁን፤ የብረት ብሎን ብታደርገው ደግሞ የተሻለ ነው። ርዝመቱን ከመሰቀያው እስከ ብሎኑ መሃል ለካ እንጂ እስከ ቋጠሮው አይደለም፤ አብዛኛው ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ወደ ጎን ከአንድ መዳፍ ስፋት በላይ አታርቀው። አንድ ዙር በመለካት አትድከም፤ ስልክህን ከፍተህ 100 ሙሉ ዙር (ሄዶ መመለስ) ቁጠርና ጊዜውን ለ100 አካፍል፤ T እሱ ነው። ከዚያ ርዝመቱን በሜትር አድርገህ በ39.48 አባዛው፣ በT ስኩዌር አካፍል፤ የቤትህ ስበት ይወጣል። 100ውን ዙር ስትቆጥር በግማሽ ሴኮንድ ብትስት እንኳ 9.77ንና 9.81ን ለመለየት እምብዛም አይበቃህምና፣ አራት አምስቴ ደጋግመህ አማካዩን ውሰድ። ቁጥሩን እዚሁ ለጥፍልን፤ የየትኛው ሰፈር እንደሆነም ጻፍ።